ሲቆም የት ይሄዳል? ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ ዳይቨር ስመርጥ የተማርኩት

የዓሣ ማጥመጃ ዳይቨር ልንገዛ ስንል ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። "ስንት ሜትር ይጠልቃል?" እኔም ይህንኑ እየጠየቅኩ ሁለት የዓሣ ወቅት አባክኛለሁ። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። ጀልባዋ ስትቆም ዳይቨሩ የት ይሄዳል?

ለጀማሪዎች ትንሽ ላብራራ። ትሮሊንግ ማለት ጀልባዋ በዝግታ እየሄደች ማባበያውን ከኋላ እየጎተቱ ማጥመድ ነው። ዳይቨር ደግሞ በክሩ መካከል የሚታሰር፣ ብዙ ጊዜ ከፕላስቲክ የተሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ሲጎተት ውሃው ፊቱን እየገፋ ወደ ታች ይነዳዋል። ከኋላው ያለው ማባበያም ተከትሎት ይወርዳል።

እኔ የማጠምድበት ሐይቅ አብዛኛው ቦታው ከ3 እስከ 5 ሜትር ነው። ከታች የውሃ ሳር አለ፤ በአንዳንድ ቦታ ከወለሉ አንድ ሜትር፣ ሲብስም ሁለት ሜትር ይነሳል። ዓሣው ከሳሩ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል። እንግዲህ ማባበያዬ ማለፍ ያለበት በዚያች ጠባብ ንብርብር ውስጥ ነው። ግማሽ ሜትር ከወረደ ሳር ይይዛል። ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ ዓሣው ዞር ብሎም አያየውም።

"ታዲያ ራሱ የሚጠልቅ ማባበያ ለምን አትጠቀምም?" የሚል ይኖራል። እጠቀማለሁ። ከፊቱ የፕላስቲክ ምላስ ያለው ማባበያ ጥልቀት ለሌለው ውሃ ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ እሱ ከሠራላችሁ ዳይቨር ውስጥ አትግቡ። ችግሩ የሚመጣው ዓሣው ቀጭንና ቀላል ነገር ሲፈልግ ነው። ስስ የማንኪያ ማባበያ፣ ጣት የምታክል ትንሽ የዓሣ ምስል፣ ወይም መንጠቆ ላይ ያለ ትል በራሱ ኃይል ሦስት ሜትር አይወርድም። የሚያወርደው ነገር ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ዳይቨሬ ትልቅ ክብ ዲስክ ነበር። ለጥልቅ ሐይቅ የተሠራ፣ ከሥሩ ክብደት ያለው። ብዙ ሰው ስለሚያወድሰው ነው የገዛሁት፤ ጥልቅ ውሃ ላይ ከሆነ ደግሞ ውዳሴው ይገባዋል። እኔ ግን ይዤው የወጣሁት 4 ሜትር ውሃ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጠዋት ነው፣ ውሃው ረግቷል። ሁለት ዘንግ ዘርግቻለሁ። ሃያ ደቂቃ እንደሄድኩ የግራው ዘንግ ጎበጠ። ዓሣ ነው! ሞተሩን ዝቅ አደረግኩና ማጠንጠን ጀመርኩ። ደህና ዓሣ ነበር፣ ክንዴ ላይ ይሰማኛል። መረቡን ላነሳ ስል የቀኙ ዘንግ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። "ሁለተኛ መጣ" ብዬ ልቤ ዘለለ። ለካስ ዲስኩ ነው። ጀልባዋ ስትቆም እሱ ወደ ወለሉ ወርዶ ሳር ውስጥ ተቀበረ። ነፋሱ ጀልባዋን ገፋት፣ ክሩ ተወጠረ፣ ተበጠሰ። ዲስኩም ማባበያውም ቀሩ። እኔም ወደ ቀኙ ስዞር የግራውን ክር ለቀቅ አድርጌው ኖሮ ዓሣው አመለጠ።

በዚያ ወር ሦስት ዲስክ ጠፋብኝ። እንዲያም ሆኖ ጥፋቱ የመጠን መስሎኝ አነስ ያለ ዲስክ ገዛሁ። ያው ነው። ትንሹም ሲቆም ይሰምጣል።

ነገሩን ያስረዱኝ ከኔ ቀድመው ብዙ ዓመት ያጠመዱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የተበጠሰውን ክሬን አዩና "ሳጥንህን አሳየኝ እስቲ" አሉኝ። ዲስኮቹን አንድ በአንድ አንስተው መለሱ። ከዚያ ከራሳቸው ኪስ ትንሽ፣ ሆዱ ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ዳይቨር አውጥተው ከጀልባዋ ጎን ውሃ ላይ ጣል አደረጉት። ተንሳፈፈ። ክሩን ይዘው ወደ ፊት ሳብ ሲያደርጉት አፍንጫውን ደፍቶ ከጀልባዋ ሥር ገባ። ሲለቁት ተመልሶ ብቅ አለ።

"አየህ ልጄ፣ ይሄ አንተ ብትቆም እሱ ይጠብቅሃል" አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ዳይቨር በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ይህንኑ ነው። ከጀልባዋ ጎን ውሃ ላይ እጥለዋለሁ፤ በባልዲም ይቻላል። ይንሳፈፋል ወይስ ይሰምጣል? ሳር፣ ድንጋይ ወይም የወደቀ ግንድ ያለበት፣ ጥልቀቱ ከ5 ሜትር የማይበልጥ ውሃ ላይ ከሆናችሁ ተንሳፋፊውን ምረጡ። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም።

ከተንሳፋፊዎቹ በብዛት የሚታወቀው ጄት ዳይቨር ነው። በቁጥር ይለያያል፤ 10፣ 20፣ 30 እያለ ይቀጥላል። ቁጥሩ ሊደርስበት የሚችለውን ጥልቀት በጫማ ይጠቁማል። 10 ቁጥር 3 ሜትር ገደማ፣ 20 ቁጥር 6 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩን ግን እንደ ቃል ኪዳን አትያዙት። ምን ያህል ክር እንደለቀቃችሁ፣ ክሩ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው፣ ከኋላ ያሰራችሁት ማባበያ ምን ያህል እንደሚጎትት ሁሉም ይለውጠዋል። ለኔ ሐይቅ 10 ቁጥር ዋናው ሠራተኛ ነው። 20 ቁጥርን የማወጣው ወደ ጥልቁ ጠርዝ ስሄድ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማሰር ትርፉ ሳር ማጨድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። "ትልቁን ልግዛና ትንሽ ክር ልልቀቅ" ይላል። በወረቀት ላይ ያስኬዳል። ውሃ ላይ ግን ትልቁ ዳይቨር ሊደርስ የሚፈልገው ጥልቀት ገና ሩቅ ስለሆነ ቁልቁለቱ ስለታም ነው። ሁለት ሜትር ክር ካሳለፋችሁ ሳር ውስጥ ናችሁ። በዚያ ላይ ማባበያው ጀልባዋ ሥር ይሆናል፤ ጥልቀት በሌለው ውሃ ደግሞ ዓሣ ከሞተር ድምፅና ከጀልባ ጥላ ይሸሻል። ትንሹ ዳይቨር ሩቅ ተለቆ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከ15 እስከ 25 ሜትር ኋላ ሲሆን ዓሣው ተረጋግቶ ያገኘዋል።

ጥልቀቱን እንዴት አወቅኩ? ሠንጠረዥ አልተከተልኩም። ሐይቁ ላይ ሳር የሌለበት፣ ወለሉ አሸዋ የሆነ ቦታ ፈለግኩ። በሶናሩ (የውሃውን ጥልቀት በሚያሳየው መሣሪያ) 2 ሜትር ተኩል የሆነ፣ ቀስ እያለ ወደ 2 ሜትር የሚወጣ። ማባበያ ሳላስር ዳይቨሩን ብቻ ለቅቄ በዚያ ላይ አለፍኩ። 10 ሜትር ክር፣ ዝም። 13 ሜትር፣ ዝም። 16 ሜትር ላይ የዘንጉ ጫፍ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ዳይቨሩ አሸዋውን እየነካ ነው ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት ሶናሩ ስንት እንደሚል አይቼ ጻፍኩ። አንድ ጠዋት ሙሉ ይህንን ሠራሁ፣ አንድም ዓሣ አልያዝኩም። እስከ ዛሬ ግን የምጠቀመው ያንን ወረቀት ነው። የናንተ ክርና የናንተ ፍጥነት ሌላ ቁጥር ስለሚሰጣችሁ የኔን መገልበጥ አይጠቅማችሁም። ማባበያውን ስታስሩ ደግሞ ትንሽ ከፍ ይላል፤ መጎተቱ ዳይቨሩን ወደ ኋላ ይይዘዋል።

ክሩን የምለካው በማጠንጠኛው ላይ ባለው ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ ከሌላችሁ ክሩ ላይ በየ5 ሜትሩ በማይለቅ ቀለም ምልክት አድርጉ። ይህን ሳታደርጉ ዳይቨር መጠቀም ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው። ዓሣ በያዛችሁ ቁጥር ስንት ክር ወጥቶ እንደነበር ካላወቃችሁ ወደዚያው ጥልቀት መመለስ አትችሉም።

ስለ ክሩ ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። የተገመደው ቀጭን ክር በተመሳሳይ ጥንካሬ ካለው ናይሎን ይቀጥናል። ስለዚህ ውሃው ያን ያህል አይይዘውም፣ ዳይቨሩ በአጭር ክር ይወርዳል። ናይሎን ወፍራም ስለሆነ ከፍ ያደርገዋል፤ ግን ይለጠጣል፣ የዓሣውን ድንገተኛ ምት ይውጣል። ብዙዎች ጥልቅ መውረድ ስለሚፈልጉ የተገመደውን ይመርጣሉ። እኔም የተገመደ ነው የማጠነጥነው፣ ምክንያቴ ግን ጥልቀት ሳይሆን ስሜት ነው። ሳር ሲይዝ በዘንጉ ጫፍ ላይ ወዲያው ይታወቃል። ዳይቨር ሲሠራ ጫፉ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል። ያ መንቀጥቀጥ ሲደነዝዝ ወይም ሲቆም ሳር ይዟል ማለት ነው። አንዲት ቅጠል እንኳ ማባበያውን ታበላሸዋለች፤ ማንም ዓሣ ሳር የሚጎትት ማባበያ አይነካም። ጫፉ ዝም ካለ አትጠብቁ፣ አጠንጥናችሁ አጽዱት። አጥማጁ ከያዘው ዓሣ የሚበልጠውን የሚያጣው በስንፍና ሳር ሲጎትት ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የተገመደው ክር ስለማይለጠጥ ከዳይቨሩ በኋላ ያለችውን መሪ ክር ናይሎን አደርጋለሁ። ርዝመቷ ከ1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር። ለምን አይረዝምም? ዳይቨሩ የዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ማጠንጠን ያበቃል። ከዚያ በኋላ ዓሣው ያለው በመሪዋ ክር ርዝመት ልክ ነው። መሪዋ ከዘንጉ ከረዘመች ዓሣው ከመረባችሁ ውጭ ሲንቦጫረቅ እያያችሁ ትቀራላችሁ። ደርሶብኛል፣ በእጄ ክሩን ስስብ መንጠቆው ወለቀ። ውሃው በጣም ጥርት ካለ ግን ዓሣው ዳይቨሩን ስለሚያይ ትንሽ ማስረዘም ግድ ነው። እንዲህ ሲሆን ረጅም ዘንግ ይዤ እወጣለሁ።

ፍጥነት። እኔ በሰዓት ከ2 ተኩል እስከ 4 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ወደ ታችኛው፣ ሲሞቅ ወደ ላይኛው። እዚህ ላይ በዳይቨርና በእርሳስ ክብደት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ በጣም ይጠቅማል። እርሳስ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው። ስትፈጥኑ ውሃው ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ከፍ ይላል። ስትቀንሱ ይወርዳል። ዳይቨር ግን ወደ ታች የሚነዳው ያው የውሃው ግፊት ስለሆነ ፍጥነቱ ትንሽ ቢዋዥቅ ጥልቀቱ ብዙም አይለወጥም። ነፋስ ጀልባዋን አንዴ ሲገፋት አንዴ ሲይዛት በሚውልበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስትዞሩም ልዩነቱ ይታያል። ጀልባዋ ወደ ግራ ስትዞር የግራው ክር ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ የቀኙ ይጨምራል። ግራ ያለው እርሳስ ከሆነ ወደ ሳሩ ይወርዳል። ተንሳፋፊ ዳይቨር ከሆነ ከፍ ይላል። ተንሳፋፊ መጠቀም ከጀመርኩ በኋላ መዞር መፍራት ትቻለሁ። እንዲያውም ሆን ብዬ እዞራለሁ፤ ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ክብደትን ጨርሶ አልተውኩም። ክሩ ላይ ቆንጥጦ የሚይዝ ክብደት ለቀላል ሥራ ጥሩ ነው፤ ሳር በሌለበት ወለል ላይ ከዳይቨር ይልቅ ጸጥ ያለ ነው፣ ዓሣውን ስታጠነጥኑም ነቅላችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ማባበያውን 15 ሜትር ለቅቆ ክብደቱን ቆንጥጦ እንደገና 15 ሜትር መልቀቅ የተለመደው መንገድ ነው። ለኔ ውሃ 14 ግራም ይበቃል። አንድ ነገር ግን ከልቤ ልለምናችሁ፤ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ የእርሳስ ቅንጣት አትጣሉ። ከወለሉ የሚመገቡ የውሃ ወፎች እንደ ጠጠር ይውጡትና ይመረዛሉ። በእንግሊዝ በዚሁ ምክንያት፣ ስዋን የሚባሉ ብዙ የውሃ ወፎች ሲሞቱ ከታየ በኋላ፣ አብዛኛውን ትንንሽ የእርሳስ ማጥመጃ ክብደት ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል። ከብረት ወይም ከተንግስተን የተሠራ አለ፤ ያንን ያዙ።

ወደ ዲስኩ ልመለስ፤ በመጥፎ ስሙ ብቻ ልተወው አልፈልግም። ዲስክ ተንሳፋፊው የማይሠራውን አንድ ነገር ይሠራል። ወደ ጎን ይሄዳል። ለምሳሌ ዲፕሲ ዳይቨር ከሥሩ የሚሽከረከር ክብደት አለው፤ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተጽፎበታል። 0 ላይ ቀጥ ብሎ ይጠልቃል። ወደ 3 በዞረ ቁጥር ከጀልባዋ እየራቀ ወደ ጎን ይወጣል፣ ጥልቀቱንም ይቀንሳል። ጥልቅ ውሃ ላይ ያሉ ሰዎች ይህን የጥልቀት መቀነስ እንደ ኪሳራ ያዩታል። ለኛ ግን በረከት ነው! አነስተኛውን ዲስክ 3 ላይ አድርጌ ትንሽ ክር ስለቅ ጥልቅ ሳይወርድ ከጀልባዋ ጎን ርቆ ይሄዳል። ጀልባዋ ካለፈችበት መስመር ውጭ ያለው፣ ያልደነገጠው ዓሣ ጋ ይደርሳል። ይህን የማደርገው ወለሉ ንጹሕ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው። ሞተሩንም አላቆምም፤ ዓሣ ቢይዝም በዝግታ እየሄድኩ አወጣለሁ።

ዲስክ የምትጠቀሙ ከሆነ የመልቀቂያውን ብሎን ችላ አትበሉት። ዓሣ ሲነክስ ብሎኑ የያዛት ትንሽ ክንድ ትለቅና ዲስኩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይመጣል። ካልለቀቀች ዓሣውንም የዲስኩንም ግፊት አብራችሁ ትጎትታላችሁ። ብዙ ሰው ብሎኑን በጣም ያጠብቀዋል። ለጥልቅ ውሃ ትልቅ ዓሣ ይሠራ ይሆናል። እዚህ ግን ግማሽ ኪሎ ዓሣ ይነክስና ክንዷ አትለቅም፤ እናንተም ዓሣ መያዛችሁን ሳታውቁ ግማሽ ሐይቅ ትጎትቱታላችሁ። ዓሣውም ይሞታል፣ መልሳችሁ ልትለቁት እንኳ አትችሉም። እኔ የማስተካክለው ጀልባዋ እየሄደች ነው። ብሎኑን በራሱ እስኪለቅ ድረስ አላላዋለሁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር አጠብቃለሁ። አለቀ። ማባበያ ስትቀይሩ ደግሞ እንደገና ፈትሹት፤ ብዙ የሚጎትት ማባበያ ራሱ ክንዷን ያስለቅቃታል።

ከዳይቨር ኋላ ምን ይታሰር? እኔ በአብዛኛው ስስ ማንኪያ፣ ወይም የምትንሳፈፍ ትንሽ የዓሣ ምስል አስራለሁ። አሁንም ያው ጥያቄ ነው፤ ሲቆም የት ይሄዳል? ዳይቨሩ ተንሳፋፊ ሆኖ ማባበያው ከባድ ብረት ከሆነ ዞሮ ዞሮ ሳር ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ማንኪያ ሳስር በጣም ስሱን እመርጣለሁ፤ ሲሰምጥም እንደ ቅጠል እየተወዛወዘ ስለሆነ ጊዜ ይሰጠኛል። ምላስ ያለው ማባበያ ካሰራችሁ ደግሞ እሱም በራሱ ይጠልቃልና የሁለቱን ድምር አስቡ። ዳይቨሩ 2 ሜትር ላይ እያለ ማባበያው 3 ሜትር ሊደርስ ይችላል።

አሁን ስለ መዞሩ የጀመርኩትን ልጨርስ። ባለፈው ወቅት አንድ ደመናማ ከሰዓት ወፍ የለም፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድም ንክሻ የለም። ሁለቱም ዘንግ ላይ 10 ቁጥር ተንሳፋፊ ታስሯል። ከፊቴ የሌላ ሰው ጀልባ ስለነበረ ሞተሩን ወደ ባዶ ማርሽ አስገባሁና እንዲያልፍ ጠበቅኩ። ሁለቱም ክሮች ረገቡ። ዳይቨሮቹ ከኋላዬ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ አየኋቸው። ሰውየው አለፈ። ማርሽ አስገባሁ። ክሮቹ ተወጠሩ፣ ዳይቨሮቹ አፍንጫቸውን ደፍተው ገቡ፣ እና እስከ ሦስት ሳልቆጥር የቀኙ ዘንግ በኃይል ጎበጠ።

አጋጣሚ ይሆናል ብዬ ዓሣውን ካወጣሁ በኋላ ያንኑ ደገምኩት። በየአምስት ደቂቃው አቆማለሁ፣ ብቅ ይላሉ፣ እነሳለሁ። ወይም ጠበቅ አድርጌ ወደ አንድ ጎን እዞርና የውስጠኛው ከፍ ብሎ እንዲወርድ አደርጋለሁ። እስኪመሽ አራት ዓሣ ያዝኩ። አራቱም የነከሱት ማባበያው ተነስቶ እንደገና ሲወርድ ነው። በዚያ ቀን ሁለቱ ዘንጎች ላይ ዲስክ ታስሮ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው እስኪያልፍ ድረስ ሁለቱም ሳር ውስጥ ነበሩ።